ሁለት ጊዜ ንጹህ የተባለው ደም

ቢልቂስ ከሻርጃ አል ናህዳ እስከ ዱባይ ኡድ ሜታ ያለውን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሳበታለች፤ መንገዱን ንገሪን ቢሏት ግን አታውቀውም። ሁልጊዜ ተኝታ ነው የምታልፈው። የጽዳት ኩባንያው ባስ በማለዳ ከሕንጻው ሥር መጥቶ ይቆማል፤ እሷም ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥና ራሷን መስተዋቱ ላይ ታስደግፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ይወቀው። መኪና ባይበዛበት ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው አሉ። ድንበሩ ላይ ግን መኪና ከመኪና ተጣብቆ ስለሚቆም አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሌሎቹ ሴቶች ትራፊኩን ይራገማሉ። ቢልቂስ አትራገምም። ተዉት ይቁም፣ እኔ እንቅልፌን የምጨርሰው እዚህ ነው ትላቸዋለች።

ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ አርባ ስድስት ይላል፤ ኤጀንሲው ነው የቀነሰላት። ጉልበቷ ግን ፓስፖርት ስለማያነብ የሚያውቀው እውነተኛውን ነው።

የተወለደችው ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ተማረች፤ ከዚያ ተዳረች፤ ከዚያ ባሏ ሞተ። ሁለት ልጆቿን ለእህቷ ትታ መጀመሪያ የመጣችው ዓጅማን ነበር፣ ለቤት ሥራ። እዚያ ስድስት ዓመት ኖረች። የዓጅማን ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምታስታውሰው የማዳሟን እናት ነው። ደግ አሮጊት ነበሩ፤ ቢልቂስን ቁርኣን ያቀሯት ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሆዴን አቃጠለኝ አሉ። ናዕናዕ፣ የናና ቅጠል፣ ተፈልቶ ተሰጣቸው። ላብ ላብ አላቸው፤ ሙቀቱ ነው ተባለና ማቀዝቀዣው ተጨመረ። ከአሱር ሶላት በኋላ ቢልቂስ እግራቸውን ልታሽ ስትጎነበስ እግራቸው ቀዝቅዟል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሄደዋል። ሐኪሙ መጥቶ ልባቸው ነበር፣ ሆድ አልነበረም አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሰው ደረቴን ተጫነኝ፣ ሆዴን አቃጠለኝ ካለ ቢልቂስ ናዕናዕ አታፈላም።

ከዓጅማን ስትወጣ አንድ የጽዳት ኩባንያ ቪዛ አደረገላትና ኡድ ሜታ ያለ ሆስፒታል ውስጥ መደባት። መጀመሪያ ኮሪደር ነበረች፣ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት፣ በኋላ ግን ላቦራቶሪው ደረሳት። ላቦራቶሪ ጥሩ ሹግል፣ ጥሩ ሥራ ነው። ዝም ያለ ነው፤ ሰው አይጮህብሽም፤ የሚጮኸው ማሽን ነው።

ጣሃን ያገኘችው እዚያ ነው። ጣሃ ሱዳናዊ ነው፤ ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ ፊቱ ግን ከሱ ቀድሞ ያረጀ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ኻላ ነው የሚላት፣ አክስቴ እንደማለት። ሥራ ቀለል ሲል ሻዩን ይዞ ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ እሷ መወልወያዋን ተደግፋ ትሰማዋለች፤ እሱ ያወራል። ሌላ ሰው ስለ አገሩ ያወራል፣ ጣሃ ስለ ደም ነው የሚያወራው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ሁሉ እኩል እንዳልሆነ የነገራት እሱ ነው። የስኳሩ ደም ይቆያል፤ የኩላሊቱ ይቆያል። የልቡ ደም ሲመጣ ግን ሁሉም ብድግ ይላል፤ ቲዩቡ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ለሐኪሙ መድረስ አለበት። ልብ ሥጋ ነው አላት፤ ሥጋው ሲጎዳ አንድ ነገር ወደ ደም ያፈሳል፤ ስሙ ትሮፖኒን ነው፤ ማሽናችን እሱን ይለካል። ሲያፈስ ግን ወዲያው አይታይም፤ እንደሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ ጠብታው ወለሉ ላይ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አንዴ ተለክቶ ዝቅ ቢልም አይታመንም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና ተቀድቶ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። የሴቷ መስመርም፣ ደህና የሚባልበት ልክ፣ ከወንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ለወንድ ደህና የሚባለው ለሴት ደህና ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል፣ መመሪያው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጣሃ ሞኝ አይደለም፣ ወረቀቱን ግን አይለቅም። ጠዋት ጠዋት ገና የማንም ደም ሳይገባ ለማሽኑ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ደም ይሰጠዋል። የሚያውቁትን ጠይቀውት በትክክል ካልመለሰ የማያውቁትን አይጠይቁትም። ቢልቂስ ይህን ነገር ትወድለታለች። ለሰውም ቢሠራ ጥሩ ነበር ትላለች።

እንግዲህ ሰብሪና የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

አል ናህዳ ባለው ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት፣ ስድስት ሴቶች በሚተኙበት ክፍል፣ ቢልቂስ ከታች ሰብሪና ከላይ ሲተኙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሰብሪና የከሚሴ ልጅ ናት፤ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማይከብዳት ሴት። ቀን ዱባይ ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት ታበስላለች፣ ማታ ትመለሳለች። ዘጠኝ ዓመት አብሮ መኖር ብዙ ነው። አንዷ ስትገላበጥ አልጋው ለሌላዋ ይናገራል።

ሰብሪና ልጇን ልትድር ነበር። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ የቀራት አንድ ወር ከአምስት ቀን ነው። ቀሚሱ ተሰፍቷል። የቀረ ነገር ቢኖር ጸጉሯ ነው። የዚህ አገር ውሃ ጸጉር ይበላል ይላሉ ሴቶቹ፤ ውሃው ይሁን ሐሳቡ እንጃ፣ የሰብሪና ጸጉር ግን ከግንባሯ ላይ ሸሽቶ መሐል አናቷ ላይ ቆዳው ይታይ ነበር። ሻሿን ከራሷ አታወርድም፤ ስትተኛ እንኳን አታወርድም። ሰርግ ቤት ግን ሴቶች ብቻ በሚሆኑበት ጊዜ ሻሽ ይወልቃል፤ ቅቤ ይቀባል፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያያል። "የሙሽራዋ እናት ራሰ በራ ናት ይሉኛል" እያለች ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰችም ትስቃለች፤ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ያን ጊዜ ደይራ ገበያ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ የመጣች የደሴ ነጋዴ፣ ሹኩሪያ የምትባል የቢልቂስ የአክስት ልጅ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የጸጉር ኪኒን ገዝታ ቢልቂስ አየቻት። ለጸጉርና ለጥፍር ነው፤ ደሴ እንደ ጉድ ይሸጣል አለቻት። ቢልቂስ ሁለት ብልቃጥ ለመነቻትና ለሰብሪና ይዛላት ገባች። በቀን አንድ ነው የሚዋጠው ብላ ነገረቻት። ሰብሪና ግን አንዱ አንድ ጣት ካበቀለ ሦስቱ ስንዝር ያበቅላል ብላ ጠዋት ጠዋት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት መዋጥ ጀመረች። ቢልቂስ አይታለች፤ ምንም አላለቻትም። መድኃኒት መስሎ አልታያትም። ቫይታሚን ምን ይጎዳል፣ ሽንኩርት እንደመብላት አይደለም እንዴ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለፍ ሲል የቢልቂስ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰብሪና ናት። ድምፅዋ ቀጠን ብሏል። ቁርስ ስታነሳ ደረቷን ድንጋይ እንደጫኑባት ሆነ፣ መንጋጋዋን ወጋት፣ ግራ እጇ ከበዳት፣ ላብ ላብ አላት። ማዳሟ ውሃ ሰጥታ አስቀምጣታለች። ናዕናዕ ልታፈላልኝ ነው አለች።

ቢልቂስ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የዓጅማኗ አሮጊት የቀዘቀዘ እግር እጇ ላይ የተመለሰ መሰላት። አሁኑኑ ታክሲ ያዥና እኔ ያለሁበት ነይ፣ ናዕናዑን ለማዳምሽ ተይላት አለቻት።

ሰብሪና ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ቢልቂስ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ወረደች። ይህ አይፈቀድም። የኩባንያው ደንብ የጽዳት ሠራተኛ በሽተኛ አታናግርም፣ አታስተረጉምም ይላል፤ ስትቀጠር ፈርማበታለች። ግን ሐኪሙ ወጣት ሕንዳዊ ነው፣ ነርሷም እንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ የሰብሪና ዓረብኛ የማድቤት ዓረብኛ ነው፣ ከሩዝና ከዶሮ አያልፍም። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው እስኪገኝ ይቆያል ተባለ። ነርሷ ቢልቂስን ስታይ እጇን ያዘቻት። ቢልቂስ የሆስፒታል እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ በአሥራ አንድ ዓመት ወለሉን ስትጠርግ የሰማችው ነው።

መቼ ጀመረሽ፣ የት የት ያምሻል፣ ስኳር አለብሽ ወይ፣ ደም ግፊትስ፤ ሁሉን ጠየቁ፣ ሁሉን አስተረጎመች። ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ የምትወስጂው መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ የባህል ቅጠል አለ ወይ አለ።

ሰብሪና የቢልቂስን ክንድ ጨበጠች። "የጸጉሩን እንዳትነግሪብኝ፤ ይሄ ወንድ ሻሽሽን አውልቂ ይለኛል፤ አደራሽን።"

ቢልቂስ ለአፍታ አመነታች። ጸጉር ከልብ ጋር ምን አገናኘው ብላም አሰበች። የሰው ልጅ ደረቱን ሲታመም ስለ አናቱ ማውራት ጅልነት መሰላት። ደግሞም አደራ ተብላለች። ምንም አትወስድም አለችው። ሐኪሙ ጻፈ።

ደሙ ተቀድቶ ወደ ላይ ሄደ። የልብ ምት የሚስለው ወረቀት ትንሽ ተዛብቷል፣ ግን አይፈርድም አሉ። ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ ንጹህ ነው። ሰብሪና ወዲያው ጫማዋን ፈለገች። ማዳሟ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ የምሳ እንግዳ አለባት። ቢልቂስ ጫማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ከተተችው። አንዴ ንጹህ ማለት ንጹህ ማለት አይደለም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ድጋሚ ነው፤ ሕጉ እንደሱ ነው አለቻት። አንች ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ ብላ ሰብሪና ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ደረቷን ያዘች።

ሦስቱ ሰዓት እንዲያው እንደ ሦስት ቀን ነበር። ቢልቂስ ወደ ላይ ወጥታ ጠረገች፤ ወረደች፤ እንደገና ወጣች። ጉልበቷ ደረጃውን ይቆጥር ነበር። ከቀትር በኋላ ሁለተኛው ደም ተቀድቶ ወጣ። ጣሃ ራሱ ነው የተቀበለው። ያም ንጹህ ሆነ። ቢልቂስ አልሐምዱሊላህ ብላ ባልዲዋ አጠገብ ቁጭ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ገና አሁን ታወቃት። ታች ደግሞ የመውጫ ወረቀት እየተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ያላለቀው ስልኩ ስለጮኸ ነው።

የደወለው ያ ወጣት ሐኪም ነው። ቢልቂስ ጣሃ የሚለውን ብቻ ነው የምትሰማው። እሺ፣ ላቧ አሁንም አለ? ሕመሙ ተመልሶ መጣ? የልብ ምት ወረቀቱ እንደዚያው ነው? እሺ፣ ልየው፣ አትልቀቃት፣ ጥቂት ስጠኝ። ስልኩን አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ወረቀት ሄደ። በሽተኛዋ የምትለውና ደሙ የሚለው አልገጠመም ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ላቦራቶሪው ራሱን መመርመር አለበት፤ ይህም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ጣሃ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያነበው። ስሙ ከቲዩቡ ይገጥማል? ይገጥማል። የተቀዳበት ሰዓት ተጽፏል? ተጽፏል። ደሙ ተሰባብሮ ውሃው ቀልቷል? አልቀላም። ማሽኑ ጠዋት ትክክል መልሷል? መልሷል። ጣቱ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። የጸጉርና የጥፍር ቫይታሚን፣ በብዛት የሚወሰድ።

ቢልቂስ ይህን መስመር ሰምታው አታውቅም። መወልወያው እጇ ላይ ቀረ።

ጣሃ የሰብሪናን ወረቀት ተመለከተ። ምንም አትወስድም ይላል። ከዚያ ዘወር ብሎ አያት፤ ማን እንዳስተረጎመ ነርሷ ነግራዋለች።

"ኻላ፣ አንቺ ነሽ ያስተረጎምሽው። ምንም አትወስድም?"

ቢልቂስ መወልወያውን ግድግዳ አስደገፈች። ጉዳዩ እንዲህ ነው፤ አዎ ካለች የሰብሪናን አደራ ትበላለች፤ ኪኒኑን ያመጣችው ራሷ እንደሆነች ይታወቃል፤ ማስተርጎም የማይፈቀድላት ሴት አስተርጉማ፣ ያውም ዋሽታ አስተርጉማ ተገኘች ይባላል። ቪዛዋ በኩባንያው እጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የተኛችበት ባስ፣ የታችኛው አልጋ፣ ታናሽ ልጇ የጀመረው ኮሌጅ፣ ሁሉም የተንጠለጠለው እዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው። የለም ካለች ደግሞ ሰብሪና ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች። ድካም ሲሉ ድካም፣ እንዲህ ያለ ድካም ተሰምቷት አያውቅም። ማንም ሳይጠይቃት ወለሉ ላይ ብትተኛ ደስ ባላት።

"ትወስዳለች" አለች። "የጸጉር ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁላት።"

"ስንት?"

"ሦስት። አንዳንዴ አራት። ዛሬም ጠዋት ስትውጥ አይቻታለሁ።"

ጣሃ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻል ነበር። ዓይኑን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቃት። አሥር ሺህ ይላል አለችው። ኸላስ፣ በቃ አለ፤ ስልኩን አነሳ።

በኋላ እንደነገራት ነገሩ እንዲህ ነው። የነሱ ማሽን የቆየ ዓይነት ነው፤ የልቡን ነገር የሚይዘው እንደ ማጣበቂያ አድርጎ ያንኑ ቫይታሚን ተጠቅሞ ነው። ደሙ ውስጥ ቫይታሚኑ ሲበዛ ቦታውን ቀድሞ ይይዝና ማሽኑ ያለውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ቫይታሚኑ ከደም እስኪጠፋ ደግሞ ይህችን ሴት ማስጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የጠዋቱም የቀትሩም ቲዩብ ከማቀዝቀዣው ወጥቶ፣ በሌላ መንገድ የሚለካ ማሽን ወዳለበት ሌላ ላቦራቶሪ በመኪና ተላከ። መመሪያው ደም ቶሎ አይደፋ፣ ይቀመጥ የሚለው ለዚህ ነው አላት።

ቢልቂስ ግን ይህን ሁሉ ለመስማት አልቆመችም። ወደ ታች ወረደች። ሰብሪና ጫማዋን አግኝታዋለች፤ አንዱን አድርጋ ሌላውን ይዛለች።

"ሁለቴ ንጹህ አሉኝ እኮ። ማዳሜ ልትገለኝ ነው።"

"ቁጭ በይ። የጸጉሩን ነግሬያለሁ።"

ሰብሪና ጫማዋን እንደያዘች አየቻት። ፊቷ መጀመሪያ አልገባውም፤ ቀጥሎ ገባው። "አደራ አላልኩሽም?"

"ብለሻል።"

"ለወንድ?"

"ለሁለት ወንድ።"

ሰብሪና ሻሿን ግንባሯ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች።  ቢልቂስ ከአልጋው ግርጌ ቆማ እግሯን ያዘችላት። ሞቃት ነበር። ደጋግማ ነካችው፤ ሞቃት ነው።

መኪናው ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሲመጣ ሐኪሙ ራሱ እየሮጠ ገባ። የጠዋቱ ደም በሴት መስመር ሲታይ አልፏል፤ የቀትሩ ደግሞ ከጠዋቱ አራት እጥፍ ሆኗል። ጣሪያው ሲያፈስ ነው የዋለው። ሰብሪናን አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት፤ በእጅ አንጓዋ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን ሥር ሊከፍቱ፣ እንዳይዘጋም ትንሽ የብረት ቱቦ ሊተዉበት። በሩ ሊዘጋ ሲል ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ነርሷ ልታወልቀው ስትል ቢልቂስ ሮጣ ደረሰችና የሆስፒታሉን ሰማያዊ ቆብ ከሥሩ አልብሳ ሻሿን ከላይ ሳበችላት፤ ማንም አላየም።

ተረፈች። አላህ አተረፋት።

ቢልቂስን ግን በሦስተኛው ቀን የኩባንያው ሱፐርቫይዘር ረሺድ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፊርማዋ ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነው የጠበቃት። ጣሃ ስለሷ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ይህች ሴት ባትናገር ኖሮ በሽተኛዋ ወደ ቤት ትሄድ ነበር ብሎ። ረሺድ ደብዳቤውን አንብቦ፣ መጀመሪያ ባትዋሽ ኖሮ ደግሞ መናገር ባላስፈለጋት ነበር አለ። እውነቱን ነው። አላባረራትም። ከሆስፒታል አንሥቶ አል ቁዝ፣ መጋዘን መደባት።

አል ቁዝ ሩቅ ነው። ባሱ ቀድሞ ይመጣል፤ መቀመጫው ጠባብ ነው፤ አብረዋት የሚሄዱት ወንዶች ስልክ ከፍተው ዘፈን ስለሚሰሙ እንቅልፍ የለም። መጋዘኑ ካርቶንና አቧራ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትጠርጊ ማታ ያው ነው። ሻይ ይዞ ስለ ደም የሚያወራ ሰው የለም። ጣሃ አንድ ቀን ደውሎላት ነበር። ድንገተኛ ክፍል ሐበሻ ሴት ስትመጣ ስለ ጸጉር ኪኒን የምትጠይቃት ሴት ነርስ እንድትሆን፣ ለብቻዋም እንድትጠይቃት አድርገናል አላት። ጥሩ ነው አለችው። ደክሟት ነበር።

ሰብሪና ከሆስፒታል ወጥታ አል ናህዳ ስትገባ ታችኛውን አልጋ ቢልቂስ ለቀቀችላት። መሰላል አትውጪ ተብላለች። አውሮፕላንም ለጊዜው አይሆንም ተብላለች። ቲኬቱ ተሰረዘ፤ ሰርጉ ግን ቀን አለውና አልተሰረዘም። ሦስት ሳምንት ሰብሪና ቢልቂስን በደንብ አላናገረቻትም። ውሃ አቀብይኝ፣ መብራቱን አጥፊው፣ ይኸው ነው። ቢልቂስ አልለመነቻትም። ከአል ቁዝ ስትመለስ ሾርባዋን ትሠራላታለች፣ ኪኒኗን ቆጥራ ታስውጣታለች፣ ከዚያ ጉልበቷን እያሸች ወደ ላይኛው አልጋ ትወጣለች። በዚያ ዕድሜዋ መሰላል።

የሰርጉ ቀን እሑድ ዋለ። ከሚሴ ሰርጉ ቤት ያለ የእህቷ ልጅ በስልክ ለሰብሪና ያሳያት ነበር። ምስሉ ይቆማል፤ ይሄዳል፤ ይቆማል። ሙሽራዋ ስትወጣ የታየው የአንድ ሰው ትከሻ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ መንዙማው፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ እልልታ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ወጡላቸው።

ሰብሪና ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። ሻሿን አውልቃለች፤ የምታያት ቢልቂስ ብቻ ናት፣ ምን ታፍራለች። አናቷ ያው ነው፤ ኪኒኑም ምንም አላበቀለም።

"አንች ዝም ብትይ ኖሮ" አለች ቀስ ብላ፣ "እዚያ ሆኜ አያት ነበር።"

ቢልቂስ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆና አሰበችበት። ልታጽናናት ፈለገች፤ የሚያጽናና ነገር ግን ጉልበት ይፈልጋል። "እዚያስ አትደርሽም ነበር" አለች። "እነሱ ናቸው የሰርጉን ድንኳን ሳያፈርሱ ያንችን ለቅሶ የሚቀመጡት። ለወጪው ይሻል ነበር።"

 ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢልቂስ ደንግጣ አንገቷን ብታወርድ ሰብሪና አፏን በሻሿ አፍና እየሳቀች ነው፤ በአንድ እጇ ደረቷን ደግፋ፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ።

"አታስቂኝ፣ ሽቦው ይወጣል።"

"ሽቦው ወጥቷል፤ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።"

"አንች ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ" አለች ሰብሪና። ከዚያ፣ "ነይ ውረጂ፤ ጉልበትሽን ልሽልሽ። ስትወጪ እሰማዋለሁ እኮ፣ ሲንቋቋ።"

ቢልቂስ ወረደች። አልጋው ለሁለት ይጠባል፤ ሰብሪና ወደ ግድግዳው ተጠጋችላት። ጉልበቷን ታሽላት ጀመር፣ በዚያ አሁንም ባልጠና እጇ። ቢልቂስ ነገ ባሱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት።